እሳት ያልተሰማው እግር

ቡርኦ፣ በደረቁ ወራት ማብቂያ

ለአጎቴ ልጅ ለጉሌድ ልጅ፣ ለኢድል።

የአላህ ሰላምና እዝነት ባለሽበት ይድረስሽ። እኛ ደህና ነን። ዝናብ የለም። ፍየሎቹ አሉ፤ ግመሎቹን ልጄ ሮብሌ ወደ ደቡብ ነድቷቸዋል። አባትሽን አላህ ይዘንለትና፣ መቃብሩ ላይ ያለው ድንጋይ ዘሞ ነበር። ሮብሌ አቃናው። እኔ ቆሜ አየሁ።

ይህን የምጽፍልሽ ሽማግሌዎቹ አስጨንቀውኝ ነው። ስልክ ደውልላት ብለውኝ ነበር። ስልክ ላይ በተባለ ነገር ማንም ተጠይቆበት አያውቅም፤ ወረቀት ግን አንቺም ጋ እኔም ጋ ይቀራል። ደብዳቤውን የምታደርስልሽ ሴትዮ ለኩላሊቷ ወደዚያው የምትመጣ ናት። በትልቁ ፖስታ ውስጥ ያለው ሐርጌሳ ያነሡኝ የጀርባዬ ፊልም ነው። እንዳታጥፊው ብያታለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከቤቴ እስከ መስጊዱ ሳልቆም እሄድ ነበር። አሁን መንገድ ላይ እግሬ ይከብደኝና እቆማለሁ፤ ጎንበስ ስል ይለቀኛል፤ ቀና ስል ይይዘኛል። ከጉልበቴ በታች ያለው እግር የሌላ ሰው እግር ነው። ባለፈው ጁምዓ ስመለስ ሚስቴ ዓምበሮ በር ላይ ቆማ፣ «አንዱን ጫማህን ለማን መርቀህ መጣህ?» አለችኝ። ወደ ታች ባይ አንዱ እግሬ ባዶ ነው። የት እንደወለቀ አላውቅም። እሷ ደግሞ ባገኘችው ሁሉ ታጠቃኛለች፤ «ጀርባህን የውኃ ማጠራቀሚያ ላስቆፈሩህ ለባለ ቢርካዎቹ ሰጠህ፣ ለእኔ የተረፈኝ አፍህ ነው» ትላለች። እውነቷን ነው።

ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው ሕንድ ሄዶ ይቀደድ ብለው ወሰኑ። መዋጮውንም ጨርሰዋል። እኔ አልወሰንኩም። ጀርባው የእኔ ነው።

አንቺ እዚያ ስትማሪ በጎን በሐኪሙና በእኛ ሰዎች መሀል ቆመሽ እንደምትተረጉሚ ሰምቻለሁ። አስተርጓሚዎች ነገር እንደሚያጣፍጡም ሰምቻለሁ። ለእኔ አታጣፍጪ። ከመቶ ሰው ስንቱ ከዚያ አልጋ እንደማይነሣ ጠይቂልኝ። ስንቱ ቆሞ ሄዶ ተኝቶ እንደሚመለስም ጠይቂልኝ፤ የጎረቤታችን የሂርሲ ልጅ በእግሩ ሄዶ በቃሬዛ መመለሱን ታውቂያለሽ፤ የሄደበትን አገር አልጠራም። እኔ ቢርካ ስቆፍርና ግድግዳውን ስለስን ነው ያረጀሁት። የቢርካ ግድግዳ ሲሰነጠቅ የሚፈርሰው ይፈርሳል፣ የሚቀረው ይቀራል። ብዙ ያፈረሰ ሰው ቀሪው ይወድቅበታል። ሰውየው ከአጥንቴ ምን ያህሉን ነው የሚያፈርሰው? ቀሪውንስ ምን ይይዘዋል? ደግሞስ ባልቀደድ ምን እሆናለሁ? ይህን የመጨረሻውን ሽማግሌዎቹ አንዳቸውም ሳይጠይቁ ነው የወሰኑልኝ።

ያለውን እንዳለ ጻፊልኝ።

ዲሪዬ

ሃይደራባድ፣ ኤፕሪል 2 ቀን 2018

ለተከበሩት ለአዴር ዲሪዬ፣

አጎቴ፣ ሰላምታዬ ከነ አክብሮቴ ይድረስዎ፤ አላህ ዝናቡንም ጤናውንም አብሮ ያውርድልዎ። የአባቴን ድንጋይ ስላቃናችሁልኝ አመሰግናለሁ። ሴትዮዋ ደህና ገብታለች፤ ፊልሙም አልታጠፈም።

ፊልሙን ያየው ዶክተር ራጉናት ይባላል። ሥራው ጀርባ ብቻ ነው። ጥያቄዎችዎን አንድም ሳልጥል አነበብኩለት። የቢርካው ጥያቄ ጋ ስደርስ «ድገሚልኝ» አለኝ፤ ደገምኩለት። ከዚያ ወረቀት ስቦ ሥዕል እየሣለ መለሰልኝ።

በጀርባ አጥንት መሀል ነርቮች የሚያልፉበት ቦይ አለ። የእርስዎ ቦይ በዕድሜና በሸክም ብዛት ጠቧል። ጎንበስ ሲሉ የሚለቅዎ በዚያን ጊዜ ቦዩ ትንሽ ስለሚከፈት ነው። የሚያፈርሰው የቦዩን ጣሪያ ነው፣ ያውም ነርቮቹን የተጫነውን ብቻ። ግድግዳዎቹን ይተዋቸዋል። ላልተው ካገኛቸው በብሎን ያስራቸዋል፤ ፊልሙ ላይ ግን የላላ አልታየውም። ቀዳዳው ድሮ እንደሚቀደደው ሰፊ አይደለም፤ በማጉያ መነጽር እያየ ነው የሚሠራው።

አታጣፍጪ ብለውኛል፤ አላጣፍጥም። ከመቶ ሰው የሚሞተው አንድ አይሞላም አለ፤ ግን የለም አላለም። በእርስዎ ዕድሜ ልብና ሳንባ ሳይመረመር እጁን እንኳ አይታጠብም። ቁስሉ የሚያመረቅዝባቸው ከመቶ ሁለት ሦስት ናቸው። የነርቮቹ ሽፋን ተቀድዶ ውኃው ሊፈስ ይችላል፤ ይህ ከሌላው ይበዛል፤ እዚያው ይሰፋና ጥቂት ቀን ያስተኛል። እግር ውስጥ ደም ሊረጋ ይችላል፤ ሰውን በማግስቱ የሚያስነሡት ለዚህ ነው። ነርቭ ተጎድቶ እግሩ ከበፊቱ የባሰ የሚደክምበት ሰው ጥቂት ነው፤ ግን አለ። ከዓመታት በኋላ ደግሞ ሌላ ቦታ ጠብቦበት እንደገና የሚመጣ ከአሥር አንድ አይጠፋም። ስለ ሂርሲ ልጅ ጠየቅሁት። ፊልሙን ስላላየሁ በሌላ ሐኪም ላይ አልፈርድም አለ።

አሁን ደስ የማይለውን ልጻፍ። መንገድ መሄዱ እንደሚሻልዎ ያስባል። መደንዘዙ ግን ሊለቅም ላይለቅም ይችላል። ያለው እንዲህ ነው፦ «እሳቱን ካለበት አቆመዋለሁ፤ የተቃጠለውን ቤት መልሼ አልሠራም።»

ባይቀደዱ፣ ብዙ ሰው እንደዚሁ ሆኖ ዓመታት ይቆያል። አንድ ነገር ካልመጣ በስተቀር። እሱን ለትልቅ ሰው መጻፍ ይከብደኛል፤ ግን ታዝዣለሁ። ሲቀመጡ ኮርቻ ላይ የሚያርፈው ቦታ ከደነዘዘ፣ ወይም ሽንትዎ ያለ ፈቃድዎ የሚመጣ ከሆነ፣ ያኔ ቀን አይቆጠርም፤ ይሮጣል። የዘገየ ሰው እንደዚያው ሆኖ ይቀራል። ዶክተሩ ይህ ነገር አለ ወይስ የለም ብሎ ጠይቋል። እባክዎ ይህን ይመልሱልኝ።

እስከዚያ ድረስ ጀርባዎን ማንም አይንካው። የአገራችንን ልማድ አውቃለሁ። ቆዳው ጤነኛ መሆን አለበት።

ደብዳቤውን የያዘው ልጅ በዱባይ በኩል ነው የሚመጣው። ቶሎ ይደርስዎታል ብሎኛል።

ልጅዎ ኢድል

ቡርኦ፣ የመጀመሪያው ዝናብ እንደጣለ

ለኢድል።

ሰላም ላንቺ፣ በረከትም ለትምህርትሽ። ዝናቡ ጥሏል። ሁለት ቢርካዎች ሞልተዋል፤ አንደኛው አባትሽና እኔ የለሰንነው ነው። ግድግዳው አንድ ጠብታ አልጠጣም።

መልስሽ አልደረሰኝም። አንቺ ስትዘገዪ ሰው አይዘገይም፤ ሽማግሌዎቹ በጋለ ብረት ተኩሶ የሚያክመውን ካሪዬን ይዘውብኝ መጡ። እኔ አልጠራሁትም። «ብረቴ ሳይነካህ ሕንድ ሄደህ ብትቀደድ፣ ሰው ካሪዬን ምን ይለዋል?» አለኝ። አንዱ ሽማግሌ ደግሞ በሽታና እሳት አንድ ቤት አያድሩም የሚለውን አነሣ። እሱን እኔም ለስንቱ ሰው ብዬዋለሁ።

በዕድሜዬ ብዙ ተተኩሻለሁ። ለጉበት፣ ለወፍ በሽታ፣ ለትከሻ። አንድም ቀን አልተነቃነቅሁም። አባትሽ ቢኖር ይመሰክር ነበር፤ እሱ ራሱ እንደ ፍየል ነበር የሚጮኸው፣ አላህ ይዘንለትና።

ካሪዬ ብረቶቹን በግራር ከሰል ላይ አጋላቸው። ከወገቤ ጀምሮ ወደ ታች በሁለት ረድፍ አስነካኝ። ጥርሴን ነከስሁ። ከዚያ ወደ እግሮቼ ወረደ፤ ቁርጭምጭሚቴን ነካ፣ የውስጥ እግሬን ነካ። ሽታውን ሰማሁ። አንዱ ከኋላ ሆኖ ለልጁ፣ «እይ፣ ወንድ ማለት ይኼ ነው፤ ጣቱ እንኳ አልተንቀሳቀሰም» ሲለው ሰማሁ። ካሪዬ ቀና ብሎ ፊቴን አየኝ። ከዚያ ሻይ ጠጣን። ሰው ሁሉ ሲያወራልኝ ሰንብቷል።

ሌላ የምጽፈው የለኝም። የሐኪሙን ቃል ላኪ።

ዲሪዬ

ሃይደራባድ፣ ኤፕሪል 29 ቀን 2018

ለአዴር ዲሪዬ፣

ሰላም ለእርስዎና ለቤቱ ሁሉ። ስለ ዝናቡ አልሐምዱሊላህ።

የላክሁት ልጅ ዱባይ ላይ በወረቀት ጉዳይ ተይዞ እንደቆየ ዛሬ ሰማሁ። ጀርባዎን ማንም አይንካው ብዬ ጽፌ ነበር። ጽሑፉ ዱባይ ተቀምጦ ሳለ ብረቱ ጋለ። አልተቆጣሁም ብል እዋሻለሁ። ግን በማን እቆጣለሁ? የእኔም ሆድ ላይ የካሪዬ አባት ብረት ጠባሳ አለ።

ለዶክተሩ ነገርኩት። እሱም አልተቆጣም፤ የእኛን ሰዎች ጀርባ ብዙ ጊዜ አይቷል። «ያልዳነ ቁስል ላይ ቢላዋ አላሳልፍም፤ ጀርሙን ራሴ ወደ አጥንቱ መንዳት ነው የሚሆነው። ይዳንና ይምጣ» አለ። ሳምንታት ይፈጃል ማለት ነው።

አዴር፣ ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩት። ጀርባዎን ሲነካዎ ጥርሴን ነከስሁ ብለዋል። እግርዎን ሲነካዎ ሽታውን ሰማሁ ብለዋል። ሕመሙንስ?

አሁን የምጠይቅዎ ሁለት ነገር ብቻ ነው። አንደኛው ይኸው ነው። ሁለተኛው በመጀመሪያው ደብዳቤ ላይ ያለው፣ ለትልቅ ሰው መጻፍ ከብዶኝ የጻፍኩት ነው። እስኪደርስዎ እጠብቃለሁ።

ኢድል

ቡርኦ፣ ዝናቡ ሲበረታ

ለኢድል።

ሰላም ለአንቺ ይሁን። ሁለቱ ደብዳቤዎችሽ በአንድ ቀን ደረሱኝ። የኋለኛውን ቀድሜ አነበብኩት።

ሕመሙን አልሰማሁም። ብረቱ እግሬ ላይ መቀመጡን ያወቅሁት በዓይኔና በአፍንጫዬ ነው። ሰው የሚያመሰግነኝ በሌለኝ ነገር ነው። ይህን እኔና ካሪዬ እናውቃለን፤ አሁን አንቺ ሦስተኛ ሆንሽ።

ሁለተኛው ጥያቄሽ ለአጎት አይጻፍም፤ አጎትም ለልጅ አይመልስበትም። ይልቅ ይህን ልንገርሽ። በመስጊዳችን ኢማሙ በማይኖርበት ጊዜ የማሰግደው እኔ ነበርኩ። ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ትቻለሁ። ሰዉ ወገቡን አሞት ነው ይላል፤ ይበል። ለሰላት የታጠብኩት ውዱዬ ጸንቶ ይሁን ፈርሶ፣ ልብሴን ካላየሁ አላውቅም። ይህን የማያውቅ ሰው ሌላውን ሰው ከኋላው አያቆምም። የምሰግደው ቤቴ ለብቻዬ ነው። ዓምበሮም አልጠየቀችኝም።

የገባሽን ያህል ለሐኪሙ ንገሪው። ከእንግዲህ ስለዚህ ነገር እንዳትጽፊልኝ።

ዲሪዬ

ሃይደራባድ፣ ሜይ 14 ቀን 2018

ለአዴር ዲሪዬ፣

ሰላምታው አጭር ነው፣ ይቅር ይበሉኝ። ይህን በኢሜይል ልኬለት ሮብሌ ሐርጌሳ ላይ አሳትሞ በእጅዎ ይሰጥዎታል። በስልክም ደውዬለታለሁ። ስልክ እንደማይወዱ አውቃለሁ፤ ዛሬ ግን ወረቀት የሚሸከም ሰው አልጠብቅም።

ስለዚያ ነገር አልጽፍም። ዶክተሩ ያለውን ብቻ እጽፋለሁ። ስነግረው ከወንበሩ ተነሣ። «በቅርብ ያለ ሐኪም ጋ ዛሬውኑ» አለ። ሮብሌ ሐርጌሳ ጠየቀ፤ ይህን ሥራ የሚሠራው ሰው አሁን አገር ውስጥ የለም አሉት። ስለዚህ በመጀመሪያው አውሮፕላን ወደዚህ ይመጣሉ። ጊዜው አልፎ እንደሆነ ጠየቅሁት። «ትንሽ አልፏል፤ ሁሉም ግን አላለፈም» አለ።

የተተኮሰው ጀርባ እንዴት ሊሆን ነው አልኩት። ያን ጊዜ ያልኩት ለዚያ ጊዜ ነው አለ። ቁስሉ ሊያመረቅዝ የሚችልበት ዕድል አሁን በፊት ከጻፍኩልዎ ከመቶ ሁለት ሦስት ይበልጣል። ስንት እንደሆነ ጠየቅሁት፤ አላውቅም አለኝ። ቢቆዩ የሚጠፋውን ግን ያውቀዋል። «ስለዚህ የማላውቀውን እቀበላለሁ፤ የማውቀውን ግን አልጠብቅም» አለ። ቃል በቃል ነው የጻፍኩልዎ።

እዚህ የፈቃድ ወረቀት ይፈረማል። የማነብልዎ እኔ ነኝ። ሮብሌ «በአባቴ ፈንታ እኔ ልፈርም» ብሎኝ ነበር። እሱ በእጁ ይጽፋል አልኩት።

አውሮፕላን ማረፊያ እጠብቅዎታለሁ።

ኢድል

ሃይደራባድ፣ ሴፕቴምበር 20 ቀን 2018

ለተከበሩት ለአዴር ዲሪዬ፣

ሰላም ለእርስዎ፣ ለአክስቴ ለዓምበሮ፣ ለሮብሌም። ዝናቡ እንዴት እንደሆነ ይጻፉልኝ።

ከዚህ ከሄዱ ወዲህ አንድም ደብዳቤ አልደረሰኝም። ሮብሌን ስደውልለት «ደህና ነው፣ ዝም ብሏል» ይለኛል። ዝም ማለትዎን እዚህም አይቼዋለሁ፤ የዚያኛው ዝምታ ግን ምን እንደሆነ ከሩቅ አላውቀውም።

እዚህ አልጋዎ ላይ ሌላ ሰው ተኝቷል፣ ከየመን የመጣ ሰው ነው። ትናንት የፈቃዱን ወረቀት አነበብኩለት። ለእርስዎ ሳነብ ሞት የሚለው ቃል ጋ ስደርስ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነበር። «ከፍ አድርጊው፤ የተከፈለበት ቃል ነው» አሉኝ። ከዚያ ሽባ መሆን የሚለውን ከፍ አድርጌ ሳነብ አላቆሙኝም። ፈረሙና እስክሪብቶውን ክዳኑን ዘግተው መለሱልኝ። ለየመኑ ሰውዬ ሁሉንም በአንድ ድምፅ አነበብኩለት።

ስፌቱ አመርቅዞ እንደገና ከፍተው ባጠቡት ቀን ዶክተሩ አልጋዎ ጋ ቆሞ አዝናለሁ ብሎዎት ነበር። «አንተን ምን አደረገህ? ብረቱ የካሪዬ ነው» አሉት። ያንን ያን ቀን አልተረጎምኩለትም፤ ትከሻውን ሊያቀልለት እንደሚችል አልታየኝም። ባለፈው ሳምንት ነገርኩት። አመሰግናለሁ በይልኝ አለ።

አሁን ሦስት ነገር ጠይቋል። መንገዱ እንዴት ነው? ያ የማይጻፈው ነገር እንዴት ነው? እግሮችዎስ? ሲሄዱ በመርፌ እየነካ ሲጠይቅዎ ለሁሉም «ዝም ነው» ብለውት ነበር። አሁንም ዝም ከሆነ ዝም ነው ይበሉ። መዝገቡ ላይ የሚጽፈውን ነው የሚፈልገው።

እኔም እፈልጋለሁ።

ልጅዎ ኢድል

ቡርኦ፣ በትንሹ ዝናብ

ለጉሌድ ልጅ ለኢድል።

የሄድሽበት ሁሉ ውኃ ያለበት ይሁን፤ እግርሽም ከእሾህ ይራቅ። እኛ ደህና ነን። ዝናቡ ጥቂት ነው፤ ለፍየል ይበቃል። ሮብሌ የድሮውን ቢርካ ሊለስን ጀምሯል። ልስኑን አቅጥኖብኝ አስፈረስኩት። አሁን ደህና ይዟል።

ሐኪሙ ለጠየቀው። ከቤቴ እስከ መስጊዱ በከዘራ እሄዳለሁ። አልቆምም። ስለማይጻፈው፣ አብዛኛውን ቀን አውቀዋለሁ፤ አንዳንድ ቀን አላውቀውም። ስለዚህ ማሰገድ አልጀመርኩም። ከኋላ ሰልፍ ላይ እቆማለሁ። ዳር ላይ።

ስለ እግሮቼ። መርፌውን አላመንኩትም ነበር። ሐኪሙ መርፌ ይዞ ሲመጣ ሰው ልቡ መልስ ያዘጋጃል። ስለዚህ ባለፈው ጁምዓ ከሰላት በኋላ ካሪዬ ጋ ሄድኩ። ብረቱን አግልልኝ አልኩት። «ደግሞ ጉራ ልትነዛብኝ ነው? ያን ቀን አይበቃህም?» አለኝ። ጉራ ልነዛብህ አይደለም አልኩት። «ሕንዶቹ ጀርባህን እንዳላበላሸሁት ጽፈው ካልላኩልኝ እኔ እጄን አላነሣም» አለ። እንዳበላሸኸው ጽፈዋል፤ ጫፉን ብቻ አስነካኝ አልኩት። እየሳቀ ቀጭኑን ብረት ከሰሉ ውስጥ ከተተው። ከመስጊድ የወጣው ሰው ሁሉ ተሰበሰበ። ያን ቀን ለልጁ እይ ያለው ሰውዬም መጣ።

ዓይኔን ወደ መስጊዱ ግድግዳ አዞርኩ፤ ግራ እግሬን ዘረጋሁለት። ካሪዬ መቼ እንደሚያስነካኝ እንዳይነግረኝ አስምዬዋለሁ።

እግሬ ሸሸ። እኔ አላሸሸሁትም። ከአፌም ድምፅ ወጣ። ምን ድምፅ እንደሆነ አልነግርሽም፤ የአባትሽን ታስታውሺ እንደሆነ ያ ነው። ሰዉ ሳቀ። አንዱ «ዲሪዬ አረጀ» አለ። ሌላው «ሕንድ ወንድነቱን አስቀርታ ላከችው» አለ። ካሪዬ አልሳቀም። ዓምበሮ ጩኸቱ እቤት ድረስ ደርሷት ኖሮ ስገባ፣ «ይህን ሁሉ ዘመን ከድንጋይ ጋር የኖርኩ መስሎኝ ነበር» አለችኝና ውኃ ሰጠችኝ።

እሷ ከመናገሯ በፊት ግን፣ ሰዉ እየሳቀ ሲበተን፣ ካሪዬ ብረቱን ወደ ከሰሉ መልሶ ነበር። ጠበቀኝ። «ቀኙንስ?» አለኝ በቀስታ።

ቀኙንም ዘረጋሁለት። ሽታውን ሰማሁ።

ለሐኪሙ ግራው ሸሽቷል በይው። ደስ ይለዋል፤ መዝገቡም ላይ ይጻፈው። ስለ ቀኙ ከጠየቀሽ፣ ዲሪዬ አልጻፈልኝም በይው።

ዲሪዬ